ቃሌን ፍለጋ ይፋት ወረድኩ

ከማኅበራችን ሴቶች መካከል ከጣርማ በር ወዲያ ያለውን አገር ያየች የለችም። ደብረ ብርሃን ተወልደን፣ ደብረ ብርሃን ተድረን፣ ቆላ ሲባል የምናውቀው ንዳድና እባብ ብቻ ነው። እኔ በዚህ በጥር ወርጄ ተመለስኩ። ንዳዱም እባቡም አልነካኝም፤ እንዲያውም ፊቴ ፈክቶ እንደ መጣ ይነግሩኛል። ያየሁትን በየጽዋው ስደጋግም ከምኖር አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ በቦታው ይመጣል።

የወረድኩት ለአስፋው ብዬ ነው። አስፋው የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ በአራስነቷ ስለ ሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የድንጋይና የአፈር ትምህርት ተማረና ሸዋ ሮቢት ላይ ከመሬት በታች ያለ ውሃ የሚያጠና ሰው ሆነ። እዚያው ጽጌ የምትባል የመሪጌታ ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ላከ፣ መለሱበት። ደግሞ ላከ፣ ደግመው መለሱበት። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ «ምድር ከአዳም በፊት ለመቁጠር የሚያስቸግር ዘመን ኖራለች» ብሏልና፣ ያንን ሐሰት ነው ብሎ በዚያው ደጅ ካልማለ ጽጌን አያገኛትም ተባለ።

ይህን ሰምቼ አዘንኩ። የመሪጌታውን ስም ስሰማ ግን ጓዜን መሸከፍ ጀመርኩ። መሪጌታ ጥበቡ ነው። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ አልለውም።

ጥበቡ የአባቴ ተማሪ ነበር። አባቴ መጽሐፍ ሲያስተምሩ ተማሪዎቹ ግቢያችን ካለው ወይራ ሥር ይቀመጣሉ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጥጥ እየፈተልኩ እሰማለሁ። ሴት ልጅ ጉባኤ አትገባም፤ ጆሮዬን ግን ማን ይከለክለኛል። አንድ ቀን አባቴ ለተማሪዎቹ ጥያቄ ጥለው አሳደሩ። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ በምን ተለክተው ቀን ተባሉ? በነጋታው ጥበቡ ቁራሹን ሊቀበል በጓሮ በር መጣ፤ መልስ አጥቶ ፊቱ ገርጥቷል። አሳዘነኝና ከዳቦው ጋር መልሱንም ሰጠሁት። «እናት ለሕፃኗ እህሉን አላምጣ ነው የምታጎርሰው። እግዚአብሔርም እኛ ልንውጠው የማንችለውን ዘመን አላምጦ፣ ቀን ብሎ አጎረሰን።»

ጥበቡ ይህን እንደ ራሱ አድርጎ ተናገረው። አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት፤ ወራሼ ይህ ነው አሉ፤ ወንበሩንም ወረሰ፤ በኋላም ቆላ ወርዶ አስተማረ። እኔን ለአንድ ጭቃ ሹም ዳሩኝ። ቃሌ በየደብሩ ዞረ፤ «የመሪጌታ ጥበቡ አንድም» ተባለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያለ ሰው ረሳ ማለት አይደለም። አሁን በዚያ ቃል የከበረ ሰው ያንኑ የተናገረ ልጄን በሐሰት ሊያስምልብኝ ነው። ይህን ሁሉ ለአስፋው አልነገርኩትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሰኞ። ጧት ሜዳው በውርጭ ነጭቷል። ለሙሽሪት ቤት ይሆናል ብዬ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ያዝኩ፤ አፉን በኮባ ቅጠል ወትፌ በጨርቅ አሰርኩት። በእኛ አገር ጥር ላይ ቅቤ እንደ ድንጋይ ነው፤ በቢላዋ ይቆረጣል። ሌላ ዓይነት ቅቤ እንዳለ አላሰብኩም።

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሞልቶ መጣ። ባዶ የነበረው አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ጥቁር ሻሽ ካሰረች ወፍራም እስላም ሴት አጠገብ። ጠበብ ብዬ፣ ቅሌን አቅፌ ተቀመጥኩ። ከማላውቀው ሰው ጋር ቶሎ አልናገርም። እሷ ግን ገና ጫጫ ሳንደርስ ስሟ ዘይነባ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ የወለደች ልጇን ጠይቃ እንደምትመለስ፣ የልጅ ልጇ አፍንጫ የአባቱ ቤት አፍንጫ መሆኑ እንዳልጣማት ነገረችኝ።

[ጫጫ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በኩል እንደሆነ የምታውቁ አትሳቁብኝ፤ ስሙን ያሳሳትኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ወሬዋ ስለሞላ ነው። ጣርማ በር ሳንደርስ ማለቴ ነው።]

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ጣልያን ከቦረቦረው ዋሻ አፍ ላይ አውቶቡሱ አንድ ጊዜ አጓርቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ከሥሩ ተኛ፤ እኛም ወርደን ተጠቃቅፈን ቆምን። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ብርዱን ለማስረሳት ይመስለኛል፣ ሬዲዮ ሰው ጨረቃ ላይ ቆመ ማለቱን አነሣ።

«ጨረቃ የሚደርሱትስ በምን መኪና ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እኛ ጣርማ በርን ማለፍ አቅቶን።»

«እኔ ጨረቃን የምፈልጋት ለረመዳን ነው» አለች ዘይነባ። «ሰው ቆሞባት ከሆነ ያን ቀን ፈቀቅ ይበልልን።»

ሳቅኩ። ሴትዮዋ እንደሳቅኩ አየችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ልትለቀኝ አልቻለችም።

ሲመሽ መኪናው እየተንፏቀቀ ደብረ ሲና አደረሰን። ማደሪያው ሞልቶ ለሁለታችን አንድ ክፍል ደረሰን። ባለቤቲቱ ደግ ሴት ነበሩ፤ የቆሎ ሳህንና ሁለት ብርድ ልብስ ጨመሩልን። አልጋውን «እርስዎ ይተኙበት»፣ «የለም፣ እርስዎ ይተኙበት» ስንባባል ቆይተን ሁለታችንም ተኛንበት። ከመተኛታችን በፊት እሷ ወደ አንድ ግድግዳ ዞራ ሰገደች፣ እኔ ወደ ሌላው ዞሬ ጸለይኩ። ስጨርስ ቀድማኝ ጨርሳ፣ እንዳትረብሸኝ ትንፋሿን ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ማክሰኞ። ከደብረ ሲና ቁልቁል መንገዱ እንደ ተፈታ መቀነት ይጠማዘዛል። በየጥምዝማዙ አንድ ልብስ አወለቅኩ። መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ። እኛ ጋ ገና ውርጩ አልረገፈም ይሆናል፤ እዚህ ሰዉ መስኮት ከፍቶ አንገቱን ያወጣል። ባሕር ዛፍ ጠፋ፣ ግራርና ቁልቋል መጣ። ገብስ ጠፋ፣ ከፈረሰኛ የሚረዝም የማሽላ አገዳ መጣ። አህያ የምጠብቅበት ቦታ ላይ ግመል ቆሞ እንደ ዳኛ ቁልቁል አየኝ።

ያን ጊዜ ነው ዘይነባ ጉልበቷን የዳሰሰችው። ቅቤዬ ቀልጦ፣ ቅጠሉን አልፎ፣ ጨርቁን አልፎ፣ ቀሚሷ ላይ ይወርዳል። ብን ብዬ ብጠፋ ደስ ባለኝ።

«እመት» አለች ረጋ ብላ፣ «በአገራችሁ ቅቤ የሚቀባው አናት አይደለም እንዴ? የእኔን ጉልበት ምን በደለሽ ብለው ነው?»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሷ ግን ከእግሯ ሥር ማንቆርቆሪያ አወጣች። ለሶላት የምትታጠብበት ነው። የቀረውን ውሃ በመስኮት ደፍታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ፣ ቅቤዬን ከቅሉ ገለበጠችበት። «ለመታጠቢያሽስ?» አልኳት፤ አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ካልኩ በኋላ ነው። «ከጎረቤት እዋሳለሁ፤ ቅቤ ግን ከጎረቤት ጉልበት ላይ አይታፈስም» አለችኝ።

ሸዋ ሮቢት ስንወርድ አስፋው የለም። የጠበቀኝ ሰኞ ኖሯል፤ ስቀርበት ወደ ሥራው ሄዷል። ዕቃዬን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳለሁ ዘይነባ ማንቆርቆሪያውን ብድግ አድርጋ መንገድ ጀመረች። «ቅቤሽ ወደ ቤቴ እየሄደ ነው፤ ቀሪ ከሆንሽ ቅሪ» አለች። ተከተልኳት።

ቤቷ ከሮቢ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ግቢው ውስጥ ፓፓያና ሎሚ አለ፤ እኛ ጋ ለበሽተኛ የሚገዛው ፍሬ እዚህ መሬት ላይ ወድቆ ዶሮ ይለቅመዋል። ባሏ ሐጂ ኡመር ቀጭን፣ ዝግ ያሉ ነጋዴ ናቸው። ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ዘይነባ ዶሮ ከያዘች በኋላ አላረደችውም፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ክርስቲያን ጎረቤት ጠርታ፣ በስመ አብ ብሎ አረደላት። ከግድግዳው ላይም ለብቻው የተሰቀለ ድስት አወረደች። «ይህ የክርስቲያን እንግዳ ድስት ነው፤ የእኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም» አለችኝ። ደነገጥኩ። እኛ ጋ እስላም እንግዳ ሲመጣ ቆሎ ሰጥተን እንሸኛለን እንጂ ለእሱ ብሎ ድስት የሰቀለ ቤት አላውቅም። የማኅበራችን ሴቶች፣ ይህን ስታነቡ ግድግዳችሁን እዩ።

ሐጂ ኡመር የአስፋው አክስት መሆኔን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። ለካ ከተመለሱት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

«መሪጌታ ጥሩ ጎረቤት ናቸው» አሉኝ። «እንቢታቸው ግን የግመል ነው። አንዴ ከተንበረከከ ጭነቱን ካላወረዱለት አይነሣም።»

«ጭነቱ ምንድነው ይላሉ?» አልኳቸው።

«አላህ ይወቅ። ያ ልጅ ሲናገር እሳቸው የሚቆጡት መልስ እንደሌለው ሰው አይደለም። መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ነው።»

እኔ የማውቀውን አልተናገርኩም። ዶሮዬን በላሁ።

ወደ ማምሻው አስፋው አቧራ ለብሶ ደረሰ። አንገቴ ሥር ገብቶ እንደ ልጅነቱ አሸተተኝ። «እትዬ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ» አለ። «ከእኔ ይልቅ እሷ ትሸታለች» አልኩት ወደ ዘይነባ እያሳየሁ።

ረቡዕ። ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይከርር፣ አስፋው ሥራውን ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣ። ውሃ ወደ ቦረቦረው አንድ ገደል አወረደኝ። የገደሉ ግድግዳ ነጣ ያለ አፈር ነው፤ በጣቱ ሲጠቁመኝ ገደሉ ስስ ስስ ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ የተነጠፈ እንደሆነ አየሁ። ከየንጣፉ መካከል ትናንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሰክቷል። አንዱን ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

«እዚህ ሐይቅ ነበረ፣ እትዬ። ይህ የውሃ ቀንድ አውጣ ነው።»

«ጥበቡ የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው ይላል አሉ።»

«አንድ ጊዜ መጥቶ የሄደ ውሃ ቢሆን ሁሉንም አደባልቆ ነበር የሚጥለው። ይህ ግን ተራ በተራ ነው የተኛው። ደለሉ ይተኛል፣ ቀንድ አውጣው ይኖራል፣ ይሞታል፣ ሌላ ደለል ይለብሳል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የአባቴ ቤት ግድግዳ በየዓመቱ ለበዓል ይለቀለቅ ነበር። ቤቱ አርጅቶ ሲሰነጠቅ ልቅላቂው ተደራርቦ ታየ። የሚቆጥር ሰው ባይኖርም ስንት በዓል እንዳለፈበት ግድግዳው ይመሰክር ነበር። ይህ ገደል ከአባቴ ግድግዳ በላይ በዓል ያየ ነው።

«ታዲያ እግዚአብሔርን ማን አደረግከው?» አልኩት። ይህን መስማት ነበረብኝ፤ ያሳደግኩት እኔ ነኛ።

«ሐይቁን የሠራው እሱ ነው። እኔ የማጠናው ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደበት ብቻ ነው። ሥራውን ካየሁ ወዲህ ጸሎቴ ረዘመ እንጂ አላጠረም፤ ይህን ግን ማን ያምነኛል?» ቀና አለና ፊቱን አዞረ። «ግድ የለም፣ ወስኛለሁ። ከነገ ወዲያ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ሐሰት ነው ብዬ እምላለሁ። ጽጌን ከማጣ ይሻለኛል።»

መዳፌ ላይ ያለውን ቅርፊት ጨበጥኩት። የሐሰት መሐላ መሠረት የሆነበት ቤት እንዴት እንደሚቆም አስቡት። ጽጌስ ባሏን በየቀኑ ስታየው ያንን መሐላ አይደለም ወይ የምታየው? «አንድ ቀን ታገሠኝ» አልኩት። «ዛሬ እኔ ሽማግሌ እሆናለሁ።»

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሐጂ ኡመር፣ ዘይነባ፣ አስፋውና እኔ ወደ ጥበቡ ቤት ሄድን። ጥበቡ ሸብቷል፤ ጎብጧል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። እኔን ሲያይ መቋሚያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥምና ቆምን።

«ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አለ ወደ ሐጂ እየተመለከተ።

«እኔም ጥያቄ የሚፈራ መምህር አይቼ አላውቅም» አልኩ። «ልጅ ልጠይቅ አልመጣሁም፣ መሪጌታ። አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ከመለሱልኝ እንሄዳለን።»

ሐጂ ሳል ሳል አላቸው። ጥበቡ ግን ሊቅ ነው፤ ሊቅ ደግሞ በሰው ፊት ጥያቄ ሲጣልለት አይሸሽም፤ ወንበሩ ያስጨንቀዋል። «ጠይቁ» አለ።

አባቴ በሚያዜሙበት ድምፅ፣ አባቴ በሚያቆሙበት ቦታ እያቆምኩ ጠየቅኩ። «ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ በምን ተለክተው ቀን ተባሉ?»

አፉ ቀደመው። ስንት ዘመን የደገመው ነው፤ ምላሱ መንገዱን ያውቀዋል። «እናት ለሕፃኗ እህሉን አላምጣ እንድታጎርስ፣ እግዚአብሔርም እኛ ልንውጠው የማንችለውን ዘመን አላምጦ፣ ቀን ብሎ አጎረሰን» ብሎ አዜመው። ሲጨርስ የት እንደደረሰ አወቀ።

«እኔ ካልኩት በምን ይለያል፣ የኔታ?» አለ አስፋው ቀስ ብሎ። «እኔ ያልኩት ያልታላመጠው ረጅም ነበር ነው።»

ጥበቡ ለመመለስ አፉን ከፈተ። ከእሱ በፊት ዘይነባ ተናገረች፤ ሃይማኖቱም ጉባኤውም የእሷ አይደለም፣ ግን ስለ ማላመጥ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ከነበረ እሷ ናት፤ ሰባት ወልዳለች።

«መሪጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ቃል የወንድ አይመስለኝም» አለች። «ወላሂ፣ ለሕፃን አላምጦ ያጎረሰ ወንድ እስከ ዛሬ አላየሁም። ሐጂም አላደረጉት። ይህን የተናገረች ሴት ናት።»

ሐጂ «እኔን ምን አገባኝ» አሉ።

ጽጌ የእጅ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አባባ፣ ቃሉ የእርስዎ አይደለም እንዴ?» አለች።

ለዚህች ሰዓት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስንት ክረምት እሳት ዳር ተቀምጬ ያሾልኩት ነው፤ ከጓሮ በር ይጀምራል፣ በጭቃ ሹሙ ያልፋል፣ ጥበቡን መሬት ላይ ጥሎ ያበቃል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አስፋውን አየሁት፤ ዓይኑ ጽጌ ላይ ነው። ዋጥኩት። ለእሱ ያልዋጥኩት ነገር ድሮም የለም።

ጥበቡ በመቋሚያው መሬቱን ሲጭር ቆየና፣ «ከዳቦ ጋር ነው የመጣልኝ» አለ። «በመምህሬ ጓሮ በር። ዳቦውንም ቃሉንም የሰጠችኝ እኒህ እመት አስካለ ናቸው። ዳቦው ያን ቀን አለቀ፤ ቃሉን ግን እስከ ዛሬ በላሁት።»

ከዚያ አስፋው ዞሮ አየኝ፣ «ለእኔም ያላመጠችልኝ እሷ ናት» አለ። ጽጌ ሳቀች፤ ውሃው ፈሰሰ። ጥበቡ «ተቀመጡ እንግዲህ» አለ፤ ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ቀኑ ጾም ስለነበር የማሾ ወጥ ቀረበ። ማሾ እኛ አገር የለም፤ ከምስር ይለዝባል። እልኸኛ ብሆንም ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ሐሙስ። ጧት ጥበቡ ጥላውን ዘርግቶ በዘይነባ በር ላይ ተገኘ፤ ገደሉን አሳዩኝ አለ። አስፋው ደግፎ አወረደው። ሽማግሌው ንጣፉን በጣቱ እየተከተለ ሄደ፤ ቅርፊት ነቅሎ አሸተተ። ከዚያ እንደ ተማሪነቱ ዓይኑ ብልጭ አለ።

«እሺ» አለ። «ከረቡዕ በፊት ላሉት ቀኖች መልሱ በቃ። ይህ ቀንድ አውጣ ግን የውሃ ፍጥረት ነው፤ የውሃ ፍጥረት የተፈጠረ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ፀሐይ አለች። መለኪያው ከተሰቀለ በኋላ ሐሙስን ማን አረዘመው?»

አስፋው አሰበ፤ አልመጣለትም። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ አልክድም። ዘይነባ ከገደሉ አፋፍ ቁጭ ብላ ሎሚ ትልጣለች። መልሱ ሲመጣልኝ ደስታው ከእግር ጥፍሬ ጀመረ፤ አባቴ ጥያቄውን ጥለው ባሳደሩበት ሌሊት እንደሆነው።

«ሕፃን በሦስት ጉርሻ ጥርስ ያወጣል?» አልኩ። «እናቱ ማላመጥ የጀመረች፣ ልጁ ራሱ እስኪያኝክ ታላምጣለች። አዳም የመጣው ዓርብ ነው። እሱ ሳይመጣ ፀሐይዋን አይቶ ቀን የሚቆጥር ማን ነበር?»

ጥበቡ ጥላውን አጠፈ፤ ፀሐይ አናቱን ቢመታውም አልታወቀውም። አንገቱን ነቅንቆ ነቅንቆ፣ «መምህሬ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ» አለ። ከዚያ ወደ አስፋው ዞረ። «የኖኅ ውሃ ያልኩትን አልተውም። የአንተንም አንድም ብዬ እጨምረዋለሁ። የአባቶቻችን ልማድ ይኸው ነው፤ አዲሱ ሲመጣ የፊተኛውን አንቀደውም።» ቀጥሎም ወደ እኔ፦ «ይህንን የሐሙሱንስ ልውሰደው?»

«ስሜን ይዘህ ውሰደው» አልኩት። አንተ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም።

ምሳው ዘይነባ ቤት ሆነ። በአንድ ጓሮ በሁለት ድስት ተሠራ፤ አንዱን በግ የእኛ ሰው አረደ፣ ሌላውን ሐጂ አረዱ። ለክርስቲያኑ ድስት ቅቤው ከማንቆርቆሪያው ተቀዳ። ወጡ የሎሚ ሽታ ነበረው፤ ማንቆርቆሪያው ሎሚ የሚጨመቅበትም ኖሯል። ሁሉንም ጣፈጣቸው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። ጽጌ ጉልበቴን ሳመች፤ እጇ ጠንካራ ነው፣ ደስ አለኝ።

ዓርብ። አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ ያወለቅኩትን ሁሉ መልሼ ለበስኩ። ዘይነባ ሎሚ በቅሌ ሞልታልኛለች፤ ማንቆርቆሪያዋን ባጥበውም ቅቤው ስላልለቀቀ ለሶላት እንደማይሆን ነግራኝ አዲስ እንድልክላት አስምላኛለች። ልኬአለሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ጠበቀኝ። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲነካው ቤቴ እንደደረስኩ አወቅኩ፤ ወደ ኋላ ግን ዞሬ አየሁ።

ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት አዲስ ድስት ገዝቼ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ለዘይነባ ነው፤ ለሠርጉ መልስ ትመጣለች። ማንም እንዳይነካው።

አሁን ምክንያቴን ልናገር። ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሰው መሪጌታ ጥበቡ ስለ ፍጥረት እንዳስተማረ፣ የእሑዱንም የሐሙሱንም እንደተናገረ፣ ሕዝቡም እንደተደነቀ ነገረኝ። የማን ነው አለ ብዬ ጠየቅኩት። «አንዲት የመምህር ልጅ ያለችው ነው አሉ» አለኝ። ከድሮው ይሻላል፤ ግማሽ መንገድ መጥቷል፣ ሽማግሌ ነው፣ ይደክመዋል። የቀረውን ግማሽ መንገድ እኔ እሄድለታለሁ። የመምህሩ ልጅ ስም አላት። አስካለ ነው።